ለሰርቢያ የሰጠሁት የሰው ድምፅ

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ደብረ ብርሃን ቤታችን ውስጥ ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ ነበር። የአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጄ ነገሥታት የሚዋጉበትን አንድ ጌም ሊጀምር ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል። ፊቱን ሳያዞር «አባዬ፣ ከሰርቢያና ከቡልጋሪያ የትኛውን ልምረጥ?» አለኝ። የሚያስቆጣ ጥያቄ አይደለም። እኔ ግን «የፈለግኸውን ምረጥ! እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?» ብዬ ጮኽኩበትና ተነሥቼ ወደ ደጅ ወጣሁ። ሚስቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ምን ነካው ይሄን ሰውዬ?» ስትል ከኋላዬ ሰማኋት።

ሰርቢያ ሄጄ አላውቅም። ግን አንድ ጊዜ ሠርቻታለሁ። ባንዲራዋን፣ ፈረሰኞቿን፣ መነኮሳቷን፣ የግጦሽ ሕጓን ሳይቀር በገዛ እጄ ሠርቻለሁ። ስሠራም አንድ ሽማግሌ ሰው አዋርጃለሁ። ይህን ለሚስቴም ለልጄም ነግሬያቸው አላውቅም። አሁን ፀጉሬ ሸብቷል፤ በወጣትነቴ ካደረግኋቸው ነገሮች ብዙዎቹ ሲያሳፍሩኝ ኖረው ዛሬ ያስቁኛል። ይሄኛው ግን አላሳቀኝም፣ የሚያስቀኝም አይመስለኝም።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ ሳላመጣ ቀርቼ፣ መንዝ፣ የተወለድኩባት ቀየት ከገበያው አጠገብ ባለች አንዲት ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ ነበር። ሥራው ማመልከቻ መተየብ ነው፤ የድንበር ክርክር፣ የጠፋ በግ፣ የጡረታ ጉዳይ። የመንዝን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፤ በርኖሴን እንደለበስኩ፣ ጣቴን በትንፋሼ እያሞቅሁ ነበር የምተይበው። ባለጉዳይ ሲጠፋ ጌም እከፍታለሁ። የመካከለኛው ዘመን መንግሥታት የሚዋጉበት ጌም ነው፤ ተጫዋቹ አንድ አገር ይይዝና ያርሳል፣ ይገነባል፣ ያዘምታል። ጌሙን ከሚወዱት መካከል በኢንተርኔት እየተጻጻፉ በውስጡ ያልነበሩ አገሮችን በነፃ ሠርተው የሚጨምሩ ሰዎች ቡድን ነበር። የኛ ኢንተርኔት በስልክ ሽቦ የሚመጣ፣ ዝናብ ጠብ ባለ ቁጥር የሚጠፋ ነገር ነው። እኔ ግን በዚያችው ቀዳዳ ሾልኬ ገባሁ።

ቡድኑ ሰርቢያን የሚሠራለት ሰው አጥቶ ነበር። መሪው ቼክ አገር የሚኖር ሰው ነው፤ «ስለ ሰርቢያ የሚያውቅ አለ?» ብሎ ጻፈ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ «እኔ አውቃለሁ» አልኩ። «እኔም ኦርቶዶክስ ነኝ። ያደግሁት ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ነው። መነኮሳታቸው እንዴት እንደሚኖሩ አሳምሬ አውቃለሁ።» ሰውዬው ደስ አለው፤ ሰርቢያን ሰጠኝ። በሁለት መስመር ውሸት አገር የተሰጠው ሰው ከኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

መጀመሪያ ላይ ተግቼ ነበር፣ ይህን አልክድም። ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ሁለት ራስ ያለው ነጭ ንስር፣ ብረት የለበሱ ፈረሰኞች፣ ብር የሚቆፈርባቸው ተራሮች፣ ለነፍሳቸው ብለው ገዳም የሚያንጹ ነገሥታት። ይህን የመጨረሻውን ሳነብ የአጎቴን ልጅ በሰው አገር ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። ችግሩ የመጣው የማነበው ሲያልቅ ነው። ኢንተርኔቱ ሳምንት ይጠፋል፤ ሲመጣ የመሪው ጥያቄ ተቆልሎ ይጠብቀኛል። ልብሳቸውስ? ስንቃቸውስ? ሀብታቸው ከምን ይመጣል? አላውቅም ማለት ሲገባኝ ሰርቢያን በመንዝ መጨረስ ጀመርኩ።

እረኞቻቸውን ጥቁር በርኖስ አለበስኳቸው። ለዘመቻ የገብስ በሶ አስቋጠርኳቸው። እኛ ዘንድ የጓሳ ተራራ ላይ ሳሩ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆያል፤ ሽማግሌዎች ሲከፍቱት ብቻ ነው ሰው ለቤቱ ክዳን የሚያጭደው፣ ከብቱንም የሚያስገባው። ያንን ሕግ እንዳለ አንሥቼ «የሰርቢያ የተራራ ግጦሽ ሕግ» አልኩት። በጌሙ ውስጥ ተራራውን ታግሦ የዘጋ ተጫዋች ሲከፍተው እጥፍ በግ ያገኛል። መሪው «ድንቅ ነው! ከየት አገኘኸው?» ብሎ ጻፈልኝ። «ከአንድ የገዳም ብራና» አልኩት። አይ እኔ! ያን ጊዜ ብራና ቢጠይቀኝ ምን ልሰጠው እንደነበር እንጃ።

ቀየት ውስጥ ደግሞ የማወራው ሌላ ነው፤ «ከፈረንጆች ጋር ፕሮጀክት እየሠራሁ ነው» እላለሁ። እናቴ ይህን ይዛ ከወንዝ እስከ ወፍጮ ቤት አዳረሰችው። «የኔን ልጅ ዩኒቨርሲቲ ባይወስደው ፈረንጅ እዚሁ ድረስ ፈልጎት መጣ» ትል ነበር። ነጥብ አጥቼ የቀረሁ ጊዜ አንድ ወር ሙሉ ሰው ቤት ያልሄደች ሴት፣ አሁን ማኅበር ላይ ቀድማ ትደርሳለች። ጌም መሆኑን አታውቅም። ማንም አያውቅም። በኋላ አፌን የዘጋው ይህ ነው።

አንድ ቀን መሪው እያንዳንዱ አገር የራሱ ዜማ እንደሚኖረው አስታወቀ። «የሰርቢያን አንተ ፈልግ» አለኝ። የነሱ ዜማ ሌላ፣ ቋንቋቸውም ሌላ መሆኑን ነግሬው መገላገል እችል ነበር። ምን ቆርጦኝ! ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበርና በቀጥታ የኔታ ዘንድ ሄድኩ።

የኔታ የምለው መሪጌታ ኅሩይን ነው። የደብራችን የዜማ መምህር ነበሩ፤ ለኔም ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው ናቸው፤ በማኅሌት ጊዜ ግን በስተቀኝ የሚቆሙትን መዘምራን የሚመሩት እሳቸው ነበሩ። ድምፃቸው ወፈር ብሎ ይነሣና ከፍ ያለው ቦታ ላይ ሲደርስ ትንሽ ስብር ይላል፤ ወዲያው ይቃናል። ያችን ስብር የምትል ቦታ ቀየት ውስጥ የማያውቃት ሰው የለም። ከቅጥሩ ውጪ በግ የምትነዳ ሴት እንኳ ሰምታ «ዛሬ የኔታ ናቸው» ትላለች።

ስደርስ ከቅዳሴ ተመልሰው የገብስ ዳቦ በስልጆ ሊበሉ ተቀምጠው ነበር። ቆርሰው ሰጡኝ። ቁራሹን በእጄ እንደያዝኩ ጉዳዬን ነገርኳቸው፤ ሰርቢያ የሚባል አገር አለ፣ ኦርቶዶክሶች ናቸው፣ ስለ ታሪካቸው ትምህርት እየተዘጋጀ ነው፣ የእርስዎ ዜማ ቢገባበት መልካም ነው ብለዋል፣ ምናምን።

«ይጾማሉ?» አሉኝ።

«አዎ የኔታ።»

«ሑዳዴንም?»

«እሱንማ በደንብ ነው።»

«በጾም ከበሮ ይመታሉ?»

«ኧረ የኔታ፣ እነሱ ጨርሶ ከበሮ የላቸውም።»

ዳቦውን አስቀመጡት። «በትንሣኤስ?»

«በትንሣኤም።»

«አይ አለመታደል! እንግዲያ እነዚህ ሰዎች ዓመቱን ሙሉ ሑዳዴ ናቸዋ!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ከዚያ ኮስተር አሉ። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ተሰቅሎ እንደሚከርም፣ ጾመ ድጓው በመቋሚያ ብቻ እንደሚዜም አገር ያውቃል፤ እሳቸው ግን ለኔ ደግመው ሊነግሩኝ ፈለጉ። «ስማኝ ደሱ፤ የምሰጥህ ጾመ ድጓ ነው። ለመማሪያ ከሆነ እሰየው። ከበሮ እንዳይነካው። ለጨዋታም እንዳይሆን። ሰዎቹን ታውቃቸዋለህ?»

«አውቃቸዋለሁ የኔታ። በኔ ይሁንብዎ።»

«በል እንግዲህ» ብለው መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። ስልኬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ቀዳሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እየዘመሙ፣ ረጅም ሰዓት አዜሙልኝ። ውጪ ነፋሱ የሣሩን ክዳን ያንሿሿል። ሲጨርሱ ላባቸውን በነጠላቸው ጠረጉና «ቀስ አድርጌ ነው ያልኩት፤ ሰዎቹ እንግዳ ናቸውና እንዲይዙት ብዬ ነው» አሉኝ። ከሁሉ ይልቅ ዛሬም የምትቆጠቁጠኝ ይህች ቃላቸው ናት።

ሥራው ተጠናቅቆ እጄ የገባው በዓመቱ ነው። እንዳጋጣሚ ሆኖ ደግሞ ዐቢይ ጾም፣ ምኩራብ የሚባለው ሳምንት ላይ። የገበያ ቀን ነበር። ጌሙን ከፈትኩ፣ ሰርቢያን መረጥኩ፣ ጦሬን አዘመትኩ። ጦሩ ሲንቀሳቀስ የየኔታ ድምፅ ተነሣ፤ ከሥሩም የጦር ከበሮ ድም፣ ድም ይላል። ጀግንነት ጀግንነት እንዲሸት ብሎ መሪው ጨምሮበት ነው። ያኔ ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ? ደስ አለኝ። ወይ ጉዴ! ሰውነቴን ውርር እስኪያደርገኝ ደስ አለኝ። የሰጠሁት ቃል ትዝም አላለኝ። ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሬ እስከ መጨረሻው ከፈትኩት፤ ገበያተኛው ሁሉ የኔን ሥራ ይስማልኝ ብዬ።

ሰማ። በግ የሚነዳው ቆመ፣ አህያ የጫነው ቆመ። አንዲት ሴት «የኔታ ናቸው!» አለች። «በጾም? በከበሮ?» አለ ሌላው። አንድ ዲያቆን በሩ ላይ መጥቶ ወደ ስክሪኑ አየ። ፈረሰኞች ሰው ይቆርጣሉ፣ ቤት ይቃጠላል፣ የኔታ ከላይ ያዜማሉ። አማተበ። «ይሄ ከየት የመጣ ነው?» ሲለኝ «ከአዲስ አበባ የመጣ ሲዲ ነው፣ ደንበኛ ትቶት ሄዶ ነው» አልኩት። ውሸት አፌ ላይ ተዘጋጅቶ እንደሚቀመጥ ያን ቀን አወቅሁ። ኮምፒውተሩን አጠፋሁት፤ ምን ዋጋ አለው!

በጥቂት ቀን ውስጥ ወሬው አድጎ ጎረመሰ። መሪጌታ በጾም ከበሮ አስመትተው ለፉከራ ዘመሩ ተባለ። አንዳንዱ ልጁን ከዜማ ቤታቸው አስወጣለሁ አለ። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ካህናቱና ሽማግሌዎቹ ከጥዱ ሥር ተሰበሰቡ፤ ሕዝቡም ወሬውን ሳይሰማ ወደ ቤቱ ሊገባ አልወደደም። እኔ ከግንቡ አጠገብ፣ እናቴ ጎን ቆሜያለሁ።

የደብሩ አለቃ «መሪጌታ፣ ያ ድምፅ የእርስዎ ነው?» አሏቸው።

«የኔ ነው።»

«ከበሮውስ?»

«ከበሮ አልመታሁም። አላስመታሁምም።»

«ታዲያ ድምፅዎ ብቻውን ሄዶ ከበሮ ውስጥ ገባ?» ሲሏቸው ሰው ሳቀ።

የኔታ ዓይናቸውን በሕዝቡ ላይ አዞሩና እኔ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም። መቋሚያቸው ላይ ተደግፈው ጠበቁኝ፤ ብቻ ጠበቁኝ። የሚፈለግብኝ «እኔ ነኝ» ማለት ነበር። ብልማ እኔ እሰደባለሁ፣ እሳቸው በቦታቸው ይቀራሉ፣ ነገሩ ያልቃል። አላልኩም። ዱላ ፈርቼ አይደለም። ከሥራ ልባረር እችል ነበር፤ እሱንም አልፈራሁም። የፈራሁት «ያ ፕሮጀክት የሚለው ለካ ጌም ነው!» መባልን ነው። እናቴ እዚያው ከጎኔ ቆማ ያንን መስማቷን ነው። ለዚህች ብዬ አንገቴን ደፋሁና ጫማዬን አየሁ።

«ድምፄን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አሉ የኔታ። «የት እንደሚውል ሳላጣራ ሰጠሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ለማን ነው የሰጡት?»

«ለሰው።»

«ሰውየው ስም የለውም?»

«አለው» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። አለቃው ደጋግመው ጠየቁ፣ የኔታ ደጋግመው ዝም አሉ። ዝምታቸው እንደ ድፍረት ተቆጠረባቸው። እስከ ትንሣኤ ድረስ ከመዘምራኑ ጋር እንዳይቆሙ ተወሰነ። እጅ ነሡና በሰዉ መሐል አልፈው ወጡ።

ቤት ስንገባ እናቴ ምሳ እያቀረበች «ማን ይሆን ለዚህ ያበቃቸው? እጁ ይድረቅ!» አለች። ያንኑ እጄን ዘርግቼ በላሁ።

በቀሩት የጾም ሳምንታት የኔታ ከምእመናኑ ጋር በውጪ በኩል ሲቆሙ አይ ነበር። መቋሚያቸውን ቤት ትተውት ነው የሚመጡት። ዕድሜ ልኩን መቋሚያ የያዘ ሰው ባዶውን ሲቆም እጁን የት እንደሚያደርገው ይጠፋዋል። ጉልበታቸው ሲዝል ግድግዳውን ይይዛሉ። ውስጥ የሚመራው ሰው ዜማውን ሲስት ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አያወጡም። በየእሑዱ ዛሬስ እናገራለሁ ብዬ ከቤት እወጣለሁ፤ በየእሑዱ ለሚቀጥለው ብዬ እመለሳለሁ። አፈር ልብላ፣ አንድ እሑድ ላይማ እሳቸው የቆሙበትን ላለማየት በሌላው በር ገብቻለሁ።

በዚያው ሰሞን አንድ እውነተኛ የሰርቢያ ሰው በቡድኑ ገጽ ላይ ጻፈ። በጨዋነት ነው የጻፈው። ይህ ካባ የኛ አይደለም፣ ይህ የግጦሽ ሕግ የኛ አይደለም፣ ይህ ዜማም የኛ አይደለም አለ። ቀጥሎም «ግን ይህ የሚያዜመው ሰው ማን ነው? ከበሮውን አንሥታችሁ ድምፁን ብቻ ብትልኩልኝ እወዳለሁ» ብሎ ጠየቀ። አልመለስኩለትም። ቡድኑ ዜማውን አውጥቶ በሌላ ተካው፤ የኔንም በርኖስና ጓሳ ፋቀው። እንግዲህ የኔታ የተቀጡበት ነገር ሁለት ወር እንኳ አልቆየም። እኔም ከቡድኑ በዚያው ጠፋሁ።

ከፋሲካ በኋላ፣ የበልጉ ዝናብ መንገዱን ያጨቀየው ጊዜ፣ ከየኔታ ጋር ወደ ጓሳ በሚያወጣው መንገድ ላይ ፊት ለፊት ተገናኘን። መሸሻ የለኝም። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው አነሡኝ። ከመዘምራኑ ጋር ተመልሰው ነበር፤ የቀኙን ወገን የሚመራው ግን ሌላ ሰው ሆኗል፤ እሳቸው ከኋላ ነው የሚቆሙት።

«እነዚያ ሰዎች ሰሙት?» አሉኝ።

«የትኞቹ የኔታ?»

«ሰርቢያዎቹ ናቸዋ።»

ሁለታችን ብቻ ነን። እናቴ የለች፣ አለቃው የሉ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ የተሻለ ቦታ አይገኝም። «ሰሙት የኔታ። በጣም ነው የወደዱት» አልኩ።

ፊታቸው በራ። «ተመስገን! እንግዲያ ከንቱ አልቀረም» አሉና ጭቃውን በዱላቸው እየሞከሩ ቁልቁል ወረዱ። ስለዚህ ነገር ዳግመኛ አላነሡብኝም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ደብረ ብርሃን ሥራ ይዤ ሳለሁ ማረፋቸው ተነገረኝ። ለቀብር አልሄድኩም። ሥራ በዛብኝ አልኩ፤ ይህም ውሸት ነው።

ልጄ ላይ በጮኽኩ በሳምንቱ ቀየት ሄድኩ። እናቴ ካረፈች ቆይታለች፤ እሷን እንዳላሳፍራት ነው እያልኩ የምኖርበት ሰበብም አብሯት ሄዷል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኞች ከተቀመጡበት ገባሁና «አንድ ነገር ልናገር ፍቀዱልኝ» አልኩ። ፈቀዱልኝ። ድምፁን የቀዳሁት እኔ መሆኔን፣ ከበሮ አይነካውም ብዬ ቃል የሰጠሁት እኔ መሆኔን፣ በገበያ ቀን ማጉያውን ወደ መንገድ ያዞርኩትም፣ ከጥዱ ሥር ዝም ያልኩትም እኔ መሆኔን ነገርኳቸው። መሪጌታ ኅሩይ ንጹሕ ሰው ነበሩ አልኩ። አለቃው ሞተዋል፣ የፈረዱት ሽማግሌዎች አንድ በአንድ አልቀዋል። ከተቀመጡት አብዛኞቹ ያኔ ሕፃናት የነበሩ ናቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ።

አንድ ጎልማሳ ግራ ገብቶት «መሪጌታ ኅሩይ የትኛው ናቸው?» ብሎ ጠየቀ።

ከጎኑ የተቀመጡት ሽማግሌ ጉልበታቸውን መታ አደረጉና «መሪጌታ ጌም ናቸዋ!» አሉ።

«እንዴ፣ መሪጌታ ጌም!» አሉ ሁሉም፣ ሳቁም። ክፋት የለበትም ሳቃቸው። ስሙ መቼ እንደወጣላቸው አላውቅም፤ እኔ አገር ከለቀቅሁ በኋላ፣ ያ ዲያቆን ስክሪኑ ላይ ያየው ጌም መሆኑን አንዱ ደርሶበት ይሆናል። የኔታን በዓይኑ ያላየው ወጣት ሳይቀር ያውቀዋል።

«በጾም ከበሮ የመቱት አይደሉም?» አለ ጎልማሳው።

«አልመቱም» አልኩ። «አሁን የነገርኳችሁ እኮ ይህንኑ ነው።»

«እንዲያ ነው? እንግዲህ ነፍሳቸውን ይማር» አሉ ሽማግሌውና ጠላ አቀበሉኝ። ወዲያው ወሬው ወደ ውርጩ ዞረ፤ ገብሱ ሳይመታ ለአጨዳ ይደርስ እንደሆነ ይከራከሩ ጀመር። እኔም ጠላውን ጠጣሁ።

ወደ ደብረ ብርሃን ስመለስ መንገዱን ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነው ያሰብኩት። እነዚያን ሰዎች የኔታ እንዴት ያዜሙ ነበር ብላቸው የሚመልስልኝ አላገኝም ነበር፤ ያስተማሯቸው ሁሉ በየአገሩ ተበትነዋል። የኔታ ያን እሑድ ከጥዱ ሥር ስሜን አልጠሩም። ቀየት ግን እስከ ዛሬ እሳቸውን የምትጠራቸው በኔ ሥራ ነው።